ጂኦካሺንግ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ መናፈሻ ወይም ጫካ ውስጥ ይደብቃል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይሄድና ይፈልጋል። ሲያገኘው ውስጡ ባለችው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ዕቃውን እዚያው ይመልሳል። ዛሬ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ተደብቀዋል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ሐበሾች ይህን ሳወራ ግን የሚመጡት ጥያቄዎች አይለወጡም። ግማሾቹ ስለ ወርቅ ናቸው፣ ግማሾቹ ስለ ፖሊስ።

«ታዲያ ምን ይገኝበታል?»

ብር የለም፣ ቁርጡን እወቁት። የመጀመሪያው ዕቃ እንኳ ጥቁር ባልዲ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 2000 ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ አቅራቢያ ካለ ጫካ አስቀመጠው። ከውስጡ ከነበሩት መካከል መጽሐፍ፣ ሶፍትዌር፣ ወንጭፍና የታሸገ ባቄላ ይገኙበታል። ለምን ያን ሰሞን? የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት የሚያሳውቀው ሥርዓት) ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ያቆመው ገና በዋዜማው ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ስፋት ባልዲ መፈለግ ዘበት ነው።

አሁን የሚገኘው ብይ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ትንንሽ መኪና፣ ስቲከር ነው። ሕጉ አንድ ነገር ከወሰድክ እኩያውን ወይም የተሻለውን ተካ ይላል። ልጆች ይህን ሕግ ከአዋቂ በላይ ያከብራሉ፣ ተከራክረው ሁሉ ይመዝናሉ።

«አካፋ ልያዝ?»

አትያዙ። ለመደበቅም ሆነ ለማግኘት መሬት መቆፈር ክልክል ነው። ዕቃው የወደቀ ግንድ ሥር፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ወይም በማግኔት ብረት ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። መቆፈር የጀመራችሁ ቀን ከጨዋታው ወጥታችኋል።

«ስልኩ እዚያው ካደረሰኝ ምኑን ፈለግሁት?»

አያደርስም። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ቦታ ላይ 5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ዛፍ ሥርና በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ይብስበታል። የደበቀው ሰው መሣሪያም ሲለካ ተሳስቷል። ስለዚህ ስልኩ «ደርሰሃል» ሲላችሁ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። እኔ እዚያ ጋ ስልኩን ኪሴ ከትቼ በዓይን ነው የምፈልገው።

የሚፈለገው ለቦታው እንግዳ የሆነ ነገር ነው። ነፋስ የጣለው እንጨት ተዘበራርቆ ይወድቃል። አምስት ስድስት ጭራሮ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ግንድ ላይ ተደግፎ ካያችሁ ሰው ደርድሮታል። አፈር የነካ ጎኑን ወደ ላይ ያዞረ ድንጋይም ያሳብቃል፤ ቀድሞ የመጣ ሰው ገልብጦት ነው። መጠኑም አያታላችሁ። የድሮ ፊልም ማስቀመጫ የሚያክል አለ፣ ከጣት ጫፍ የሚያንስም አለ።

እግረ መንገዴን፦ ጂፒኤስ በራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኢንተርኔት የሚበላው ካርታው ነው። ካርታውን ቤት እያላችሁ አውርዱት።

«የትም መደበቅ ይቻላል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዕቃው ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ያየዋል። ከሌላ ዕቃ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። የቦታው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ መፍቀድ አለበት። ትምህርት ቤት፣ የባቡር ሐዲድ፣ ወታደራዊ ቦታ አጠገብ አይሆንም።

የኛ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚንሸራሸርበትን ሮክ ክሪክ ፓርክን ውሰዱ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መሬት ነው። «ጫካ አይደል እንዴ፣ ማን ያያል» ብሎ ያለ ፈቃድ ዕቃ ጥሎ መሄድ አይቻልም።

ሕጉ ዝም ብሎ የቢሮ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር የተደበቀች ዕቃ ቦምብ መስላ ፖሊስ መንገድ ዘጋ። ፈንጂ የሚያመክኑ ባለሙያዎች መጥተው አፈነዷት። ስለዚህ ዕቃው ውስጡ የሚታይ ቢሆን፣ ላዩ ላይም ምንነቱ ቢጻፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

«ጥቁር ሰው ቁጥቋጦ ሥር ሲያደባ ካዩ ፖሊስ ይጠሩብኛል»

ይሄኛውን ስህተት ነው ብዬ አላልፈውም። ስጋቱ እውነት አለው። የሚያዋጣው ራስን አለመደበቅ ነው። በቀን ሂዱ፣ ከሰው ጋር ሂዱ፣ ከመኖሪያ ቤት አጥር ራቁ። የሚያያችሁ ሰው ካለ ሳይጠይቅ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የጨዋታውን መተግበሪያ አሳዩት። ብዙው ሰው ሲገባው አብሮ መፈለግ ይጀምራል። ቦታው ካላማራችሁ ጥላችሁ ሂዱ፤ ዕቃው የትም አይሄድም።

«ለሚመጣው ሰው ቆሎ ብተውለትስ?»

ደግነቱ የኛ ነው፣ ግን ነውር ነው። የምግብ ሽታ ራኩንና አይጥ ይጠራል። ዕቃው ተበልቶ፣ ደብተሩ ተቦጫጭቆ ይገኛል። እንስሳውም የሰው ምግብ ይለምዳል። ዕጣን፣ ሻማና ሽታ ያለው ሳሙናም እንደዚያው ነው። አልኮል፣ መድኃኒትና ስለት ያለው ነገር ደግሞ ልጆች የሚከፍቱት ዕቃ ውስጥ ምን ይሠራል?

«የብርቱካን ልጣጭ አፈር ይሆናል»

አንድ ቀን ይሆናል፣ እስከዚያ ግን ቆሻሻ ነው። የጂኦካሺንግ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየፈለጉ ቆሻሻ የመልቀም ልማድ አላቸው። አንድ ፌስታል ኪስ ውስጥ ይበቃል።

«ቀስቱን ተከትዬ በቀጥታ እገባለሁ»

ስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ገደልና ወንዝ አያውቅም። መንገድ ላይ ሆናችሁ ዕቃው ጎን እስክትደርሱ ተጓዙ። መታጠፍ ያለባችሁ መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም በአቋራጭ ከገባ በአንድ ክረምት ሣሩ ያልቅና አዲስ መንገድ ይወጣል። በምሥራቅ አሜሪካ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ሣር ውስጥ መዥገር አለ፣ ላይም (Lyme) የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ቤት ስትገቡ ገላችሁን ፈትሹ። በሦስት በሦስት የሚወጣው ቅጠል፣ ፖይዝን አይቪ፣ ከኛ ሳማ የባሰ ነው። ሳማ ቶሎ ይተዋል፣ ይሄ ለሳምንታት ያሳክካል።

«የልጅ ጨዋታ ነው»

አንዳንዱ። እያንዳንዱ ዕቃ ለፍለጋውና ለመንገዱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። መንገዱ 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበርም ይደረሳል። 5 ማለት ጀልባ ወይም የገደል መውጫ ገመድ ሊያስፈልግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕራግ ውስጥ የውኃ መውረጃ ዋሻ ገብተው ሲፈልጉ ድንገተኛ ዝናብ ጎርፍ ለቆባቸው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቁጥሩን ሳታዩ አትነሡ።

«ኢትዮጵያ ውስጥማ አይሆንም»

ይሆናል፣ ዕቃዎችም አሉ። ለአገራችን የሚስማማው ግን፣ እንደኔ፣ ኧርዝካሽ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነው። ሣጥን የለውም፣ የሚደበቅም የለም። ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ስለ መሬቱ አፈጣጠር የተጠየቃችሁትን አይታችሁ ትመልሳላችሁ። የስምጥ ሸለቆ አገር ለዚህ ይጠፋዋል? የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የገበሬ ማሳ ውስጥ ላስቲክ ዕቃ ከመወተፍ ይሄ ይሻላል። የቀበሌ ጥያቄም ይቀንሳል።

«ካላገኘሁት ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

ድረ ገጹ ላይ አላገኘሁም ብላችሁ። ብዙ ጀማሪ አፍሮ ዝም ይላል፣ ዝምታው ግን ዕቃውን የደበቀውን ባለቤቱን ይጎዳዋል። አንድ ሰው ሲያጣው ምናልባት ደህና አልፈለገ ይሆናል። ተከታትለው ሦስት አራት ሰዎች ካጡት ግን ዕቃው ጎርፍ ወስዶት ወይም የጽዳት ሠራተኛ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ሄዶ ማየት እንዳለበት የሚያውቀው ከእናንተ ነው።