የሬንጅ ጭስ ምንድን ነው? ጣሪያ ላይ ሲሆንስ ለምን ይብሳል?

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው አዲስ ፎቅ ውሃ እንዳያስገባ ሶሌታውን ሬንጅ ሲቀቡት ነበር። በርሜሉ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጥዷል። ከስሩ ፍልጥ፣ የተቀዳደደ ካርቶንና የጎማ ቁራጭ ይነድዳል። ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ሸራ ጫማ አድርጎ፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ፣ በረጅም ብረት ያማስላል። ከበርሜሉ ሰማያዊ የሚመስል ጭስ ይወጣል፤ ነፋሱ በዞረ ቁጥር ልጁ ፊቱን ያዞራል፣ ያስላል፣ ተመልሶ ያማስላል። «አይከብድህም?» አልኩት። «ለምደነዋል ጋሼ፣ ማታ ወተት እንጠጣበታለን» አለኝ። ይህን የምጽፈው ከዚያ መልስ የተነሳ ነው።

ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑም ናፍጣውም ሌላውም ከወጣ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር አተላ ነው። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይመስላል፣ ሲሞቅ ይፈስሳል። ሲሞቅ ግን መቅለጥ ብቻ አይደለም፣ ከውስጡ የተወሰነው ክፍል ይተንናል። ትነቱ አየር ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ጥቃቅን የዘይት ጠብታ ይሆናል። የሬንጅ ጭስ የምንለው ይህንን ነው። ማለትም እንደ እንጨት ጭስ የመቃጠል ውጤት አይደለም፣ ራሱ ሬንጁ ነው፣ በጣም ደቅቆ አየር ላይ የሚንሳፈፍ። ስለዚህ ልጁ የሚተነፍሰው ሽታ ብቻ ሳይሆን ሳንባው ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ዘይት ነው።

በዚህ ጭስ ውስጥ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስሙ ረጅም ነው፣ ቤተሰቡን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሲጋራ ጭስ ውስጥም በጥቀርሻ ውስጥም ያሉት እነሱው ናቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ካንሰር ያመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው ያምታታዋልና። ሬንጅ ሌላ ነው፣ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ታር ሌላ ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ይጣበቃሉ። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ግን በእጅጉ የከፋ ነው። ያማጊዋ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ከረዳቱ ከኢቺካዋ ጋር የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ታር ለወራት እየደጋገመ ቀብቶ ካንሰር እንደሚያወጣ አሳይቷል። እኛ ሬንጅ የምንለው ከነዳጅ የሚገኘውን ነው። አሜሪካ ጣሪያ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን የቆየ ጠፍጣፋ ጣሪያ ስታፈርሱ ከስር ያለው ታር ሊሆን ይችላል። አቧራው ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ዓይንንም ያቀላል። ፊትና አንገቱ በፀሐይ የሚለበለብ ሠራተኛ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ጣሪያ ላይ ለምን ይብሳል? አስፋልት የሚያነጥፉትም እኮ ያንኑ ሬንጅ ነው የሚተነፍሱት። ልዩነቱ ሙቀቱ ላይ ነው። መንገድ ላይ የሚነጠፈው አስፋልት በአብዛኛው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለጣሪያ የሚቀልጠው ደግሞ ከ200 ያልፋል፣ 260 የሚደርስበትም ጊዜ አለ። በዚያ ላይ የጣሪያ ሬንጅ ፀሐይ ሲመታው እንዳይፈስ ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አየር እየተነፋበት የሚዘጋጅ ነው። መቀመጫውን ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያደረገው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዳዩን መርምሮ በእንዲህ ዓይነቱ ሬንጅ ጣሪያ ላይ መሥራትን 2ኤ ምድብ ውስጥ አስገባው፤ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» እንደማለት ነው። የመንገዱን ሥራ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ 2ቢ ላይ አስቀመጠው። የድንጋይ ከሰሉን ታር ግን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ተርታ ነው የመደበው። አሜሪካ ውስጥ በጣሪያ ሠራተኞች ማኅበር አባላት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ጥናትም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በሥራው ላይ የቆዩት በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች ግን ሬንጁንም የድንጋይ ከሰሉንም ታር ነበር የሚሠሩበት።

ካንሰሩ የዓመታት ጉዳይ ነው። የዕለቱ ጉዳት ግን ማታውኑ ይታወቃል። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ራስ ይመታል፣ ማቅለሽለሽና ሳል ይከተላል። «ለምደነዋል» የሚባለው እነዚህን ነው። አፍንጫ ሽታን ይለምዳል፣ ሳንባ ግን ዘይት አይለምድም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ጭሱ የሥራው ግዴታ አይደለም። በብዛት የሚወጣ ጭስ እሳቱ ከሚገባው በላይ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ሬንጅ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ጭሱ በግምት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፣ ፎርማኑ «ቶሎ በሉ» ስላለ ብቻ እሳቱ ተቆስቁሶ ሙቀቱ ከሚያስፈልገው በ30 ዲግሪ ቢያልፍ ልጁ የሚተነፍሰው ጭስ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እጥፍ ሊሆን ነው። ሬንጁ ደግሞ በዚህ አልተሻለውም፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ የሞቀ ሬንጅ ጥራቱ ይወርዳል፣ ከዚያም አልፎ በራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የሬንጁ አምራች ስንት ዲግሪ ላይ መቀባት እንዳለበትና ስንት ላይ እንደሚቀጣጠል ይጽፋል፤ አላልፍም ማለት ነው።

ቀጥሎ ክዳን ነው። በርሜሉ ሲጨመርበትና ሲቀዳ ካልሆነ ክፍት የሚሆንበት ምክንያት የለም። እንደ ድስት መክደን ነው። በቆርቆሮ እንኳ ቢከደን ጭሱ በጣም ይቀንሳል፣ ማገዶውም ይቆጠባል። በርሜሉ የሚቀመጥበትም ቦታ ይታሰብበት፤ ነፋሱ ጭሱን ከሠራተኛውና ከጎረቤት መስኮት የሚያርቅበት መሆን አለበት። ጎማና ፕላስቲክ ማንደድ ደግሞ በመርዙ ላይ ሌላ መርዝ መጨመር ነው፣ ይቅር።

ማስክን በተመለከተ ሻርፕም ሆነ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ይህን ትነት አያቆምም። የሚያቆመው ሁለት ካርትሪጅ (ትነት የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው፣ ለኦርጋኒክ ትነት፣ ማለትም እንደ ነዳጅ ላለ ነገር ትነት፣ የተሠራና የደቃቅ ብናኝ ማጣሪያም ያለው፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ነው። ጢም ካለ በጎን ያስገባል። «ማን ይገዛዋል?» ለሚለው ጥያቄ ሕጉ መልስ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ አይገባውም የሚባል ነገር የለም።

ወተቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጣ። ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። አይገናኙም። እኔን የሚያሳስበኝ ወተቱ ራሱ ሳይሆን «ማታ ይታጠብልኛል» ብሎ ቀኑን ሙሉ በርሜሉ ላይ መጎንበሱ ነው። ይልቅ ከምሳ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ትልቅ ነገር ነው። የሬንጅ እጅ በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብ ልማድ ሆኗል፤ ቆዳውን እያደረቀ ይሰነጣጥቀዋል፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ የባሰ ያስገባል። የምግብ ዘይት ቀብቶ ሬንጁ ሲለቅ በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ልብሱ ረጅም እጅጌ ያለው ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ትኩስ ሬንጅ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱሪው ቦቲው ውስጥ አይከተት፣ ከላይ ይውረድ፤ አለበለዚያ የፈሰሰው ሁሉ ጫማ ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ውስጥ ውሃ ጠብ አይበል። በ200 ዲግሪ ሬንጅ ውስጥ የገባ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሬንጁን ገንፍሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። እሳት ቢነሳም ውሃ አይደፋበትም፣ ክዳኑን መክደን ነው፤ የዱቄት ማጥፊያ አጠገብ ቢኖር ደግሞ ይመረጣል።

ትኩስ ሬንጅ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ሬንጁ ሲጠጥር ለመላጥ አትሞክሩ፣ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። ቤንዚን አይነካው፣ ኮልጌትና እንቁላልም አይቀባ። እንደተጣበቀ ሐኪም ቤት ይወሰድ፣ እዚያ በቅባት ቀስ ብለው ያሟሙታል። ጣት ወይም ክንድ ዙሪያውን ከከበበው ግን ሲቀዘቅዝ እየጠበበ ደም ሊያግድ ይችላልና አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፤ ስትደርሱም መጀመሪያ ይህንኑ ንገሯቸው።