አብረው የሚኖሩ እህትማማቾችና ብቸኝነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ከታናሽ እህቴ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ስኖር 9 ዓመት ሆኖኛል። ሰዎች ስለ እኛና ስለ መሰሎቻችን የሚናገሩት በአብዛኛው ከበጎ ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ስህተቱ ስለሚጎዳ ዘወትር የምሰማቸውን ላርም እወዳለሁ።

«እህት ያላት ሰው ብቸኝነት አያውቃትም።»

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ዌይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራው ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎታል፤ አንደኛው ምስጢር የሚካፈሉት የቅርብ ሰው በማጣት፣ ሁለተኛው ጓደኛ፣ ጎረቤትና ማኅበር በማጣት የሚመጣ ሲሆን፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። እህት የመጀመሪያውን ትሞላ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን ብቻዋን አትችለውም። በእኛ ቤት ይህ ጎልቶ የሚታየው በቡና ሰዓት ነበር። ረከቦቱ ላይ ካሉት ስድስት ሲኒዎች የምናነሳው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ቶናው ላይ ስንደርስ ወሬያችን ያልቃል፤ በረካውን ብዙ ጊዜ ደፍተነዋል። እናታችን ጎረቤት ሳትጠራ ቡና አፍልታ አታውቅም፤ እኛ ግን «ማንን እንጥራ?» መባባሉን እንኳ ትተነው ነበር።

«የማይነጣጠሉት በጣም ስለሚዋደዱ ነው።»

ፍቅርና ከልክ ያለፈ የእርስ በርስ ጥገኝነት የሚለዩት አንዷ ለብቻዋ ልትወጣ ስትነሳ ነው። እህቴ ለሥራ ባልደረባዋ ልጅ ክርስትና ተጠርታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች ከበሩ ላይ ፊቴን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። አፌ «ሂጂ» ብሏታል፤ ፊቴ ግን «አትሂጂ» ይላት እንደነበር ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

«የአእምሮ ሕመም ነው።»

አይደለም። ከልክ ያለፈ የእርስ በርስ ጥገኝነት የሚለው ሐሳብ በአሜሪካ የአልኮል ሱሰኞችን ቤተሰብ ከማከም ሥራ የወጣ ሲሆን፣ የአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያሳትመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ አልሰፈረም። ድባቴ ከተከተለው ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

«የሐዋሳ ሰው ሰው አያቀርብም።»

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ብዙው ነዋሪዋ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም በርካታ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አምጥቷል። ተከራይ ደግሞ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቅቃል፤ ስሟን ገና የለመድናት ጎረቤት ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ስትጭን ያየንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ክፋት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

«አንዳቸው ቢያገቡ ይፈታል።»

ይህ ምክር እጅግ ያሳዝነኛል፤ ጥገኝነቱን ወደ ባል ከማዛወር አልፎ የቀረችውን እህት ፈጽሞ ብቻዋን ይጥላታልና። እኛ አልተለያየንም። እርሷ የሥራ ቦታዋ ሴቶች እቁብ ውስጥ ገባች፤ እኔም ለየብቻ መዋልን እየተለማመድኩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች በየሰዓቱ እደውልላት ነበር። ባለፈው እሑድ ግድግዳ የሚጋሩንን እናት «ቡና ጠጡ» ብዬ ስጠራቸው ወዲያው መጡ፤ ሦስተኛው ሲኒ አቧራ ይዞ ስለነበር እህቴ ልታለቀልቀው ተነሳች።