በቤት የሚሠራ የጊታር ቲዩብ ኢፌክት፣ ከአዲስ አበባ ዳር

የቲዩብ ኢፌክት በጊታሩና በአምፑ (በጊታር ማጉያው) መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ አንድ ቫኩም ቲዩብ አለ፤ የድሮ ራዲዮ ጠጋኞች ቫልቭ የሚሉት ማለት ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ሲግናል አጉልቶ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ጊታሪስቶች «ድራይቭ» የሚሉት ሻከር፣ ሞቅ ያለ ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ይህን ድምፅ የቲዩብ አምፕም ይሰጣል፤ ግን ቮልዩሙ እስከ ጥግ ሲከፈት ነው። የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህን ማን ይችላል? ጎረቤት በር ያንኳኳል። ሳጥኑ ሻካራውን ድምፅ ራሱ ስለሚፈጥረው አምፑ ዝቅ ብሎ መሥራት ይችላል።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቲዩቡ ዓይነት ነው። በእኔ እምነት ከመብራቱ መጀመር ይሻላል። የተለመደው ቲዩብ 12ኤኤክስ7 ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። ቲዩቡን ከውስጥ የሚያግለው ማሞቂያ ክር 6.3 ወይም 12.6 ቮልት ይፈልጋል፤ ከዚያ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይችላል። በከተማው ዳር ግን ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው መብራት ይወርዳል። 180 ከደረሰ ተራ ትራንስፎርመር ለ6.3 ቮልቱ ማሞቂያ የሚሰጠው 5.15 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቲዩቡ በደንብ አይሞቅም፤ ድምፁም ይሞታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የኢንተርኔት ራውተርና የካሜራ 12 ቮልት አዳፕተር መርካቶ ሞልቷል። አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራቱ መውረድ አይነካውም። ማሞቂያው 150 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሚወስድ 1 አምፔር ያለው ይበቃል። 12 ቮልቱ በቀጥታ በቲዩቡ እግር 4 እና 5 ላይ ይገባል። ከሁሉም በላይ 220 ቮልቱ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ኤርዝ የሌለው ሶኬት ባለበት የኪራይ ቤት ይህ ነፍስ ያድናል።

ለአኖዱ፣ የጎላው ሲግናል ለሚወጣበት የቲዩቡ እግር፣ ግን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። 12 ቮልቱን ወደ 200 የምታሳድግ ትንሽ ቦርድ ትገኛለች። ከኋላዋ 10 ኪሎኦም ሬዚስታንስና 47 ማይክሮፋራድ፣ 250 ቮልት የሚችል ኮንዴንሰር ይገባል፤ ጭጭታዋን ያጣራል። ይህ ኮንዴንሰር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቮልቴጁን ይዞ ይቆያል፤ ይገድላልም። ስለዚህ በጎኑ 220 ኪሎኦም ይበየዳል። እሱ ካለ ቮልቴጁ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። ቢሆንም በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት የለም።

አንዱ ቲዩብ ውስጥ ሁለት ማጉያ አለ። የመጀመሪያው በእግር 1፣ 2 እና 3 ላይ ነው፤ አኖድ፣ ግሪድ (ሲግናሉ የሚገባበት)፣ ካቶድ (ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቀው)። አኖዱ ላይ 100 ኪሎኦም፣ ካቶዱ ላይ 1.5 ኪሎኦም፣ ግሪዱ ላይ 1 ሜጋኦም ይታሰራል። ከ10 ኪሎኦሙ በኋላ 200 ቮልት ካለ፣ 0.8 ሚሊአምፔር ሲፈስ አኖዱ ላይ ያለው ሬዚስታንስ 80 ቮልት ይበላል፤ ቴስተሩ አኖዱ ላይ 120፣ ካቶዱ ላይ 1.2 ቮልት አካባቢ ያነባል። አኖዱ ላይ 200 አካባቢ ካነበበ ከረንት እየፈሰሰ አይደለም ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ ማሞቂያው፣ ቀጥሎ የካቶዱ ብየዳ ይታያል።

ካቶዱ ላይ ኮንዴንሰር ሲጨመር ይህ ማጉያ ሲግናሉን 60 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። 0.1 ቮልት የገባው 6 ቮልት ሆኖ ይወጣል። የሁለተኛው ማጉያ ግሪድ ግን ከ1.2 ቮልት ብዙ አይሸከምም፤ መቆረጡ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል አይቆረጡም፤ የቲዩብ ድምፅ ለጆሮ የሚጥመውም በዚህ ነው። በመሃል የጌይን (የድራይቩን መጠን የሚወስን)፣ መጨረሻ ላይ የቮልዩም ማዞሪያ ይገባል። የቮልዩሙ ከሌለ ሲግናሉ አምፑን ያጥለቀልቀዋል።

ለእኛ ሙዚቃ ጌይኑ መጠኑን ማወቅ አለበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአብዛኛው የሚጫወቱት በአንድ መስመር ዜማ ነው። ውበቱ ያለው በጣት ጌጦቹ ላይ ነው፤ ድራይቭ ሲበዛ እነሱ ይዋጣሉ። የመጀመሪያው ካቶድ ላይ ከ22 ማይክሮፋራድ ይልቅ 0.68 ቢገባ ወፍራም ክሮቹ አያጉረመርሙም። አንቺሆዬን በዚህ ሞክሩት፤ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሳጥኑ ችግር አይደለም። በርና መስኮት የሚሠሩት ብረታ ብረት ቤቶች ላሜራ ቆርጠው ያጥፋሉ። ለቲዩቡ ሙቀት መውጫ ቀዳዳ ይበሱለት፤ የኤርዝ ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኙ፣ አለዚያ ሁም (የማያቋርጥ ጉርምርምታ) ይመጣል። ቲዩቡ ከአሮጌ የስብሰባ ማጉያ ወይም ቴፕ መቅጃ ሊገኝ ይችላል። አዲሱም ዛሬ ድረስ በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይመረታል። አሮጌ ከሆነ ይፈተን፤ ቲዩቡ ሶኬቱ ላይ ገብቶና አምፑ በርቶ የቲዩቡ መስታወት በእርሳስ ቀስ ተብሎ ይመታል። ድምጽ ማጉያው ላይ እንደ ደወል ካቃጨለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።