«ስፓይሲ» ሽቶ ምንድን ነው?

«ስፓይሲ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ አፍንጫዬን እንኳ አላቃጠለኝም። ፎርጂድ መሆን አለበት።» ይህን አስተያየት ስንቴ እንደሰማሁ! አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስፓይሲ ሽቶ የቅመም መዓዛ ያለው ሽቶ ነው። ማቃጠል ሌላ ነገር ነው። በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ጭራሽ ሽታ የለውም። ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ፒፐሪንም ቅመሙ በእንፋሎት ሲጣራ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ ፍሬው ላይ ይቀራል። ሽቶ ውስጥ የምታገኙት ቁንዶ በርበሬ ደረቅ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ሎሚ ነገር የነካው ሽታ ነው። ገና ሲረጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው በአብዛኛው አልኮሉ ነው። እሱ ደግሞ በርካሹም በውዱም አለ።

ቅመም ሁሉ ሞቃት ነው ማለትም አይደለም። ባሕር ዛፍን ቀዝቃዛ የሚያደርገው ሲኒዮል ሄልና ኮረሪማ ውስጥም አለ። ስለዚህ በሄል የሚጀምር ሽቶ ቀዝቀዝ ቢላችሁ ትክክል ነው። ሞቅ የሚሉት ቀረፋና ቅርንፉድ ናቸው። የፓሪሱ ሽቶ ቤት ዲፕቲክ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሎ» የተሠራው በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው። «ኒሽ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ለብዙኃን ገበያ ሳይሆን ለጥቂት ወዳጆቹ የሚሠራ ሽቶ፣ እንዲህ ሳይለመድ በፊት መሆኑ ነው።

ዋናው ስህተት ግን በመጀመሪያው ደቂቃ መፍረድ ነው። የወጥ ድስት ሲከፈት ቀድሞ አፍንጫ የሚደርሰው መከለሻው ነው። ቁሌቱን ለማወቅ ግን መቅመስ ያስፈልጋል። ሽቶም እንደዚያው ነው፦ ሄሉና ቁንዶ በርበሬው ቀድመው ይተናሉ፣ ቅርንፉዱ ይከተላል፣ እንጨቱና ሙጫው ከሥር ይቆያሉ። ቁሌቱ ያልበሰለ ወጥ መከለሻ ቢነሰነስበት ክዳኑ ሲነሳ ያማልላል፤ ማዕድ ላይ ግን ይጋለጣል። አንዳንድ ሽቶ ሠሪዎችም ቅመሙን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይከምሩታል፣ ምክንያቱም ገዢው ሱቅ ውስጥ የሚያሸተው ያንን ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚቀረው ጣፋጭ ቫኒላ ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ስፓይሲ ሽቶ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ርጩ፤ አልኮሉ ይብረር። ከዚያ ክንዳችሁ ላይ አንዴ፣ ሳታሹ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎም ከአራት ሰዓት በኋላ አሽትቱ። ቅመሙ አሁንም ይለያል? ከሥሩ ካለው እንጨት ወይም ዕጣን ጋር ተዋህዷል ወይስ ለብቻው ቆሟል? ቅርንፉዱ የጥርስ ሐኪም ቤት ካስታወሳችሁ ጥፋቱ የሽቶው አይደለም፤ ዩጂኖል የሚባለው ያው ንጥረ ነገር እዚያም ይሠራበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። «የድሮው ይበልጥ ነበር፤ ይሄ ፎርጂድ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ዩጂኖልና የቀረፋው ሲናማልዴሃይድ አለርጂ ስለሚቀሰቅሱ፣ ኢፍራ የተባለው ዓለም አቀፍ የሽቶ ማኅበር መጠናቸውን ገድቧል። በዚህ ምክንያት ብዙ የቆዩ የቅርንፉድ ሽቶዎች ቀመራቸው ተቀይሯል። አዲሱ ጠርሙስ ለስለስ ቢል እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ቆዳችሁን ካቃጠለ ወይም ካቀላ ግን የጥራት ምልክት አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ወዲያው ታጠቡት፣ ዳግመኛም አትቀቡት።