«ሃሮ! ሃሮ! ሃሮ! ልዑሌ ሆይ፣ ድረስልኝ!»

«ሃሮ! ሃሮ! ሃሮ! ልዑሌ ሆይ፣ ድረስልኝ፣ ተበደልሁ!» በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባሉት የጀርዚና የገርንዚ ደሴቶች ይህ ጩኸት ዛሬም የሕግ ኃይል አለው። ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ ግንብ ሲሠራበት ያየ ሰው እዚያው ቦታ ባርኔጣውን አውልቆ ይንበረከካል፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ቃሉን በፈረንሳይኛ ይጮኻል፤ አባታችን ሆይንም ይደግማል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ ሥራው መቆም አለበት። እኛ ዘንድ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን እንደሚሰበስበው ነው።

በትውፊት የሚጠራው ልዑል ሮሎ ነው። ሮሎ ከሰሜን በመርከብ መጥቶ የሴን ወንዝን ዳርቻ ሲዘርፍ የኖረ የቫይኪንግ አለቃ ነበር። በ911 በሻርትር ከተማ ቢሸነፍም፣ የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዛ የነበረው የምዕራብ ፍራንኮች ንጉሥ ሻርል ሌላ ወራሪ ከባሕር እንዳይመጣ ዘራፊውን ራሱን ዘበኛ ማድረግን መረጠ። የሩዋን ከተማንና ከእርሷ እስከ ባሕር ያለውን፣ በኋላ ኖርማንዲ የተባለውን አገር ሰጠው፤ ሮሎም ተጠምቆ ሮበርት ተባለ። የመስፍንነት ማዕረግ ለዘሮቹ ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም፣ ኖርማኖች የመጀመሪያው መስፍናችን የሚሉት እርሱን ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ታሪኩን የጻፈው ዱዶ የተባለ ካህን እንደሚተርከው፣ ሮሎ ገበሬ ሁሉ ሞፈርና ማረሻውን ያለ ጠባቂ እርሻው ላይ ትቶ እንዲያድር አዘዘ። የአንድ ገበሬ ሚስት የባሏን የማረሻ ብረት ደብቃ ተሰረቀ አለች። ሮሎ ለገበሬው ካሣ ከፈለ፣ ሌባውንም አስፈለገ። እውነቱ ሲወጣ ሚስቲቱን በስርቆቷ፣ ባሏንም የሚስቱን አመል እያወቀ ዝም በማለቱ ሰቀላቸው። ይህ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ሌላው ትረካ ደግሞ በሩዋን አጠገብ ባለ ጫካ የሰቀለውን የወርቅ አምባር ሦስት ዓመት የነካው አልነበረም ይላል። ተረት ይሁን እውነት፣ ትናንት ገዳም ይዘርፍ የነበረ ሰው ስሙ የድሃ መከታ ሆኖ መቅረቱ እጅግ ይገርመኛል።

ሕዝቡ «ሃሮ» የመጣው ሮሎን ከመጥራት ነው ይላል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ከጥንታዊ የፍራንኮች ቃል ያመጡታል፤ እኔም የእነርሱ ይበልጥ ያሳምነኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖርማንዲ ሕግ ጩኸቱ ለእሳት፣ ለስርቆትና ለነፍስ ግድያ ነበር፤ ሰምቶ ያልወጣም ይቀጣ ነበር። የመሬት ክርክር የገባበት ቆይቶ ነው።

ከትረካዎቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው የ1087ቱ ነው። እንግሊዝን ድል ያደረገው ዊሊያም፣ የሮሎ ዘር፣ በካን ከተማ ራሱ ባሠራው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሊቀበር ሲል አሴሊን የሚባል ሰው ተነሣ። ይህ ቦታ የአባቴ ነበር፣ ሟቹ በጉልበት ነጥቆናል፣ በርስቴ እንዳይቀበር ብሎ ጳጳሳቱና መኳንንቱ ፊት ቆመ። ጎረቤቶቹ መሰከሩለት፤ ለመቃብሩ ብቻ 60 ሽልንግ ተከፈለው። «ሃሮ» ብሎ ጮኸ የሚሉት ኋላ የመጡ ተራኪዎች ናቸው። ቢልም ባይልም፣ የጩኸቱ ትርጉም እዚያ ተፈጽሟል፤ ተራ ሰው የንጉሥን ቀብር አስቁሟል።

በፈረንሳይ ዛሬ በአንድ ሰው ላይ «ሃሮ መጮኽ» ማለት ተባብሮ እርሱን ማውገዝ ነው። የተበዳይ ጥሪ የነበረው ቃል ብዙዎች አንዱን የሚያሳድዱበት መሆኑ ያሳዝነኛል። ደሴቶቹ የቀድሞውን ትርጉም የጠበቁት በ1204 ኖርማንዲ በፈረንሳይ ንጉሥ እጅ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ስለቀሩ ነው፤ ዛሬም ንጉሡን «የኖርማንዲ መስፍን» ይሉታል። በ2018 ገርንዚ ላይ የመንገድ ሥራ ለማስቆም ይኸው ጩኸት ተሰምቷል። እዚያ የጮኸ ሰው አቤቱታውን በ24 ሰዓት ውስጥ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ማስገባት አለበት፤ ያለ አግባብ የጮኸ ደግሞ ይቀጣል።