የካውቦይ ዘመን ጠመንጃ ልሰብስብ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ

የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ይህን ጠመንጃ ያውቀዋል። ተኳሹ ከቃታው ሥር ያለችውን እጀታ ወደ ታች ይገፋታል፣ መልሶ ይስባታል፣ በቃ ተቀባበለ። ቀለሁ ተፈናጥሮ ወጣ፣ አዲስ ጥይት ገባ። ሌቨር አክሽን የሚባለው ይሄ ነው። ውጅግራና ምንሽር በቀረርቶ እየሰማ ላደገ ሰው የጠመንጃ ፍቅር አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1860 እስከ 1900 ገደማ የተሠሩትን እነዚህን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፤ ጨረታ አለው፣ ባዛር አለው፣ አጭበርባሪም አለው። ችግሩ ጀማሪው ወደ ገበያው የሚገባው ፊልምና የድሮ ማስታወቂያ የነገረውን ይዞ መሆኑ ነው፤ ሻጩም ያንኑ መልሶ ይሸጥለታል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«1873 የሚል ተቀርጾበታል፣ ስለዚህ በ1873 የተሠራ ነው»

በፍጹም። እሱ የሞዴሉ ስም ነው። የአሜሪካው ጠመንጃ ፋብሪካ ዊንቸስተር ሞዴል 1873ን እስከ 1920ዎቹ ድረስ አምርቶ 720 ሺህ ገደማ አውጥቷል። ሞዴል 1894 ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ ኒው ሄቨን ያለው ፋብሪካ በ2006 እስኪዘጋ ድረስ ቆይቷል። እንግዲህ «1894» የሚባል ጠመንጃ ዕድሜው ከእናንተ ሊያንስ ይችላል። አፈሙዙ ላይ የሚነበበው የፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀንም የተሠራበት ቀን አይደለም። ዕድሜውን የሚነግራችሁ ሲሪያል ቁጥሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት የቁጥርና የዓመት ሰንጠረዦች ከፋብሪካው መዝገብ ጋር የማይገጥሙበት ጊዜ ስላለ ግን በአንድ ሰንጠረዥ ተማምናችሁ አትክፈሉ።

የጣሊያኑ ኡቤርቲ ደግሞ ቁርጥ የድሮውን የሚመስል 1873 ዛሬም ይሠራል። ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። ግን አዲስ ነው። ማህተሙን ፍቆ፣ ብረቱን አዝጎ «የአያቴ ነው» የሚል አይጠፋም። የጣሊያን የፍተሻ ማህተም ፈልጉ፤ የተፋቀ ቦታ ካያችሁም ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

«ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ በሕግ አንቲክ ነው»

ይሄኛው ፍርድ ቤት ሊያቆም ስለሚችል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የ1968ቱ የአሜሪካ ፌደራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ዕድሜ አይቆጥርም። መስመሩን ያሰመረው 1898 ላይ ነው። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራው አንቲክ ነው፣ ማለትም በዚህ ሕግ እንደ ተራ ጠመንጃ የማይታይ የድሮ መሣሪያ፤ በ1899 የተሠራው ግን፣ ያው ሞዴል፣ ያው ጥይት፣ ምናልባትም ያው ሠራተኛ የገጣጠመው ሆኖ ሳለ፣ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው የሚታየው። መስመሩ ከዓመት ወደ ዓመት አይንቀሳቀስም። ጣሊያን ሠራሹም ተራ ጥይት የሚተኩስ ስለሆነ አንቲክ አይባልም። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) ካጋጠማችሁ ሌላ ጣጣ አለው፤ አጭር ጠመንጃን የሚመለከተው ሕግ አንቲክን የሚተረጉመው በሌላ መንገድ ነው። የሚያውቅ ጠበቃ ሳትጠይቁ አትንኩት። ስቴቶቹም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አገር ቤት ይዤው ልግባ የሚል ካለ ደግሞ፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ቦሌ አይሠራም።

«የአሜሪካ ጦር ምዕራቡን የያዘው በዊንቸስተር ነው»

«ምዕራቡን ያሸነፈው ጠመንጃ» የሚለው ዝነኛ አባባል የኩባንያው ማስታወቂያ ነው። የወጣውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ። ጦሩ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ይዞት የነበረው ስፕሪንግፊልድ 1873 ነው፤ አንድ ጥይት ተኩሶ እንደገና የሚጎርስ። ጦሩ የፈለገው ሩቅ የሚደርስና ጉልበት ያለው ጥይት ነበር፣ ወታደሩ ጥይት ያባክናል ብሎም ይፈራ ነበር። ሄንሪ የተባለው የዊንቸስተር ቀዳሚ ሌቨርና ዊንቸስተር 1866 የሚተኩሱት የ.44 ጥይት ባሩዱ ከ30 ግሬን (ግሬን የባሩድ መመዘኛ ነው) ያነሰ ነው። የስፕሪንግፊልዱ .45-70 ግን ስሙ እንደሚለው 70 ግሬን ይይዛል፤ ለፈረሰኛው ቀለል አድርገው 55 ይሰጡት ነበር።

የሚገርመው ሌላኛው ወገን ነው። ጁን 25 ቀን 1876 ሊትል ቢግሆርን በተባለው የጦር ሜዳ ላይ የአሜሪካ ጦር አዛዥ የኩስተር ፈረሰኞች ስፕሪንግፊልዳቸውን ይዘው ሲያልቁ፣ ከገጠሟቸው የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች፣ የላኮታና የሻያን ተዋጊዎች መካከል ሄንሪና ዊንቸስተር የታጠቁ ነበሩ። ይህ የፉከራ ወሬ አይደለም። በ1983 ሰደድ እሳት ሣሩን ከጠረገው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ሜዳውን በብረት መፈለጊያ አስሰው ቀለሁን ለቀሙት። ጠመንጃው ሲመታው ቀለሁ ላይ የተወው ምልክት ከምን ዓይነት ጠመንጃ እንደወጣ ይናገራል። በነገራችን ላይ ዊንቸስተር 1866ን በገፍ ለጦርነት ያሰለፈው ኦቶማን ነው፤ 50 ሺህ ገደማ ገዝቶ በ1877 ፕሌቭና ላይ ሩሲያውያንን ፈጅቶበታል።

ለሰብሳቢ ይህ ምን ያደርግለታል? «የጦሩ ዊንቸስተር ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ሲመጣ ማስረጃ ይጠይቃል። የአሜሪካ መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የገዛቸው ሄንሪዎች አሉ፣ ወደ 1,700 የሚሆኑ። እነሱ ግን ማህተምና መዝገብ አላቸው።

«የፈለሰፈው ሚስተር ዊንቸስተር ነው»

ኦሊቨር ዊንቸስተር የሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ዘዴውን ቀደም ብለው ካሻሻሉት መካከል ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን አሉ። በ1860 ፓተንቱን ያወጣው ሠራተኛው ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ነው፣ ከጎን ጥይት የሚገባበትን በር የጨመረው ኔልሰን ኪንግ፣ ከ1886 ወዲህ ያሉትን ምርጦች የነደፈው ደግሞ ጆን ብራውኒንግ። ዊንቸስተር ብሩ ነበረው፣ ዓይኑም ነበረው። ስሙ ስለገነነ ሰው ተፎካካሪውን ፋብሪካ ማርሊንን ዘሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ለጀማሪ የ1889 ወይም የ1893 ማርሊን ነው የምመርጥለት።

«ዝገቱን አስለቅቄ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብቼ ብሸጠው ዋጋው ይጨምራል»

እኔን እርር የሚያደርገኝ ይሄ ነው። ፋብሪካው ብረቱን የቀባው ጥቁር ሰማያዊ መልክ ጊዜ ሲበላው ቡናማ ይሆናል፣ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ደግሞ ይነጣል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ነው፣ ምክንያቱም ማንም እንዳልነካካው ያሳያል። ተፈግፍጎ እንደገና ሲጠቁር ጠርዞቹ ይዶለዱማሉ፣ የተቀረጸው ጽሑፍ ይሳሳል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ አፋቸው ይሰፋል። ልምድ ያለው ሰው ገና ከሩቅ ያውቀዋል፤ ዋጋውም ክፉኛ ይወርዳል፣ የጠፋውንም ማንም አይመልሰውም። አካሉ የነሐስ የሆነውን ቢጫውን 1866 ወርቅ እስኪመስል የሚወለውሉትማ አሉ።

ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ ለማየት በ2014 ኔቫዳ ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። ግሬት ቤዝን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ ሞዴል 1873 ጥድ ዛፍ ተደግፎ ተገኘ። ሰደፉ በፀሐይ ነጥቶ ተሰነጣጥቆ፣ ጫፉ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ አፈሙዙ ዝጎ። ዋዮሚንግ ኮዲ ከተማ ያለው የጠመንጃ ሙዚየም ወሰደው፣ እንጨቱ እንዳይበታተን አጠናከረው፣ ራጅ ሲያነሳው ሰደፉ ውስጥ የተረሳች አንድ ጥይት ተገኘች። ዝገቱን ግን አላነሱትም፣ እንጨቱንም አልቀቡትም። እንደተገኘ ነው ለሕዝብ የቀረበው።

እናንተም ቀጭን የጠመንጃ ዘይት በጨርቅ አስነክታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የቆዳ ማህደር ውስጥ ዘግታችሁ አታክርሙት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

«የድሮ ብረት ጠንካራ ነው፣ የሱቅ ጥይት ይችላል»

የ1860ዎቹና የ1870ዎቹ ጠመንጃዎች የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ወደ ሌቨር የገባው በ1895፣ ሞዴል 1894 የ.30-30 ጥይትን ጠንከር ባለ ኒኬል ስቲል አፈሙዝ ሲይዝ ነው። ዊንቸስተር ራሱ በኋላ ለሞዴል 1892 ጉልበተኛ የ.44-40 ጥይት ሲያወጣ ለ1873 እንዳትጠቀሙ ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ ማለት ጠመንጃው ይችለዋል ማለት አይደለም። የድሮ መሣሪያ የሚያውቅ ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው ቃታ አትሳቡ።

«ኦሪጅናል 1873 ነው፣ .45 ኮልት ይተኩሳል»

ወይ አፈሙዙ ተቀይሯል፣ ወይ ጣሊያን ሠራሽ ነው። በዚያ ዘመን ዊንቸስተር በዚህ ጥይት ሌቨር አልሠራም።

«የፋብሪካው ደብዳቤ የማን እንደነበር ይናገራል»

ኮዲ ያለው ሙዚየም የዊንቸስተርን የድሮ መዝገቦች ይዟል። በክፍያ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል፦ አፈሙዙ ክብ ነበር ወይስ ስምንት ማዕዘን፣ መቼ ከፋብሪካ ወጣ። ትልቅ ነገር ነው፤ ከደብዳቤው ጋር የማይገጥም ጠመንጃ የተነካካ ነውና። የባለቤት ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። የኔቫዳው እንኳ በ1882 መውጣቱ ነው የተገኘው፤ ማን ዛፉ ሥር እንዳቆመው የሚናገር ወረቀት የለም። «የእገሌ ሽፍታ ነበር» የሚለው ወሬ ዋጋ የሚኖረው ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ሲረጋገጥ ደግሞ ጉድ ነው፦ የአፓቼውን መሪ ጄሮኒሞን ላሳደደው ለካፒቴን ሄንሪ ላውተን የተበረከተው ሞዴል 1886፣ ሲሪያል ቁጥር 1፣ በ2016 በጨረታ በ1,265,000 ዶላር ተሸጧል። ስጦታው ጠመንጃው ላይ ተቀርጿል፣ ቁጥሩም የመጀመሪያው ነው።

«የመታሰቢያ እትም ነው፣ ስለዚህ ብርቅ ነው»

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዊንቸስተር የቡፋሎ ቢል፣ የጆን ዌይን እያለ ያወጣቸው ያሸበረቁ 94ዎች አሉ። ብዙዎቹ በአስር ሺህዎች ተሠርተው፣ ገዢው ሁሉ ሳይተኩስባቸው ከነካርቶናቸው አስቀምጧቸዋል። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር እንዴት ብርቅ ይሆናል? ደስ ካላችሁ ግዙት፣ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ለጡረታ ግን አትቁጠሩት።