በነጥብ ከተካከሉ ቡድኖች ማን ይቀድማል?

እዚህ ጎንደር ጓደኛሞች ሆነን በምናዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር የምድብ ጨዋታዎች ባበቁ ቁጥር «በግብ ክፍያ ነው»፣ «የለም፣ እርስ በርስ ሲጫወቱ ያሸነፈው ነው» የሚል ክርክር ስለሚነሣ ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የግብ ክፍያ አንድ ቡድን በምድቡ በሙሉ ካስቆጠረው ግብ የተቆጠረበት ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ነው። የእርስ በርስ ግንኙነት ግን በነጥብ የተካከሉት ቡድኖች እርስ በርሳቸው ያደረጉትን ጨዋታ ብቻ ይመለከታል።

አዘዞ ማራኪን 1 ለ 0፣ ፒያሳንም 1 ለ 0 አሸንፎ በአራዳ 3 ለ 0 ተሸነፈ እንበል። ማራኪ ደግሞ ፒያሳን 3 ለ 0፣ አራዳን 2 ለ 0 ረታ። አራዳና ፒያሳ ደግሞ አቻ ተለያዩ እንበል። አዘዞና ማራኪ ሁለቱም 6 ነጥብ አላቸው። ነገር ግን አዘዞ 1 የግብ ዕዳ ሲኖርበት ማራኪ 4 ትርፍ ግብ ስላለው፣ በግብ ክፍያ ማራኪ፣ በእርስ በርስ ግንኙነት አዘዞ ይቀድማል።

እርግጠኛው ነገር፣ መለኪያውን የሚወስነው የጨዋታው ሕግ ሳይሆን የውድድሩ ደንብ መሆኑ ነው። ደንቡ ግን ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ የግብ ክፍያ ሲቀድም፣ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የእርስ በርስ ግንኙነት ቀድሟል። ስለዚህ በቴሌቪዥን ያየነውን ጠቅሰን መከራከራችን ለእኛ ውድድር ማስረጃ አይሆንም።

እኔ በበኩሌ፣ ተጫዋች ጎድሎበት የመጣ ደካማ ቡድን ላይ የሚዘንብ ግብ ዋንጫ እንዳይወስን ስለምሻ፣ የእርስ በርስ ግንኙነት ቢቀድም እመርጣለሁ። የትኛውም ቢመረጥ ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በጽሑፍ ሰፍሮ አምበሎቹ ሁሉ ሊፈርሙበት ይገባል።